የትንሿ አዳራሽ ኃላፊ

«ሥራ አስኪያጁ ወንድሜ ነው ብላ ነው ያስያዘችው» አለች ፉአቲኖ፣ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፣ ከማተሚያው ያወጣችውን ወረቀት እያራገበች። «ሥራ አስኪያጃችን ቫይኦላ ከመቼ ወዲህ ነው ወንድ የሆነችው?» ወጥ ቤቱ በር ላይ የቆሙት ሁለት አልጋ አንጣፊዎች ሳቁ። የሠራተኛ መግቢያውን በትከሻው ገፍቶ የገባው ሎሌሲዮም ነገሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ፤ ጠዋት ጠዋት ከሚስቅ ሰው ጋር መሳቅ ልማዱ ነው። ሳቁን ሳይጨርስ ፉአቲኖ የሴትዮዋን ስም አነበበች፦ ማኬሪታ፣ ከኦክላንድ። ሎሌሲዮ ወረቀቱን ተቀብሎ ራሱ አነበበው። ማኬሪታ ታላቅ እህቱ ናት። እሱ ሌላ እህት የለው፣ እሷ ሌላ ወንድም የላት።

ወረቀቱ አጭር ነበር። ባሕር የሚያይ አንድ ክፍል፣ ለሁለት አዳር፣ አዳሩ በአገሩ ገንዘብ በሦስት መቶ ሃያ ታላ። ትንሿ አዳራሽ ለግማሽ ቀን፣ ለአሥራ ሁለት ሰው የቤተ ዘመድ ስብሰባ። ከዚያም ምሳ፣ ባሕሩ ላይ በወጣው በረንዳ፣ ለአንድ ሰው ስልሳ አምስት ታላ። ከግርጌው ማኬሪታ እንዲህ ብላ ጨምራበታለች፦ «ወንድሜ እንዳይሰማ አደራ። ድንገት ላስደስተው ነው።» ቀኑ የዛሬው ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት። ሎሌሲዮ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ይላል። ሊደሰት አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

በአፒያ ወደብ ዳር ያለው ይህ ሆቴል ቶሎቶሎ ይባላል። በደሴቱ ቋንቋ ወደ ባሕር ምላሱን ያወጣ መሬት ማለት ነው እንጂ ከጥድፊያ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ እዚያ ምሳ አዝዞ የሚያውቅ ሰው ይመሰክራል። ሎሌሲዮ በዚህ ሆቴል ሃያ ሁለት ዓመት ወንበር ደርድሯል። ወዳጆቹ ሲያሳጥሩት ሎሌ ይሉታል፤ እዚያ አገር ከረሜላ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም ያማረው ሥራውን አይቶ ይስጠው። አምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ሆዱ ቀድሞት በር ይገባል፤ ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ ከአሮጌ ጀልባ የባሰ ይንቋቋል። ሠርግ ሲሆን ወንበሮቹን ነጭ ጨርቅ ያለብሳቸዋል፤ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲሆን መልሶ ያራቁታቸዋል። የውሃ ጠርሙስ በየቦታው ያስቀምጣል፣ ምሳ ላይ አስተናጋጅ ሲያንስ ሳህን ያመላልሳል፣ ሲጨርስ ወንበሮቹን ስድስት ስድስት አድርጎ ይቆልልና ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ውሸቱን እንኳ በወጉ አልዋሸውም፤ የሚያናድደው ይሄ ነው። ሰው ሲዋሽ አስቦበት፣ አጣፍጦ ይዋሻል። እሱ ግን ሥራ አስኪያጅ የሆነው ዝም በማለት ብቻ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የትንሿ አዳራሽ ቁልፍ ተሰጥቶት ነበር። ለማኬሪታ ደወለና «የትንሿ አዳራሽ ኃላፊ አደረጉኝ» አላት። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር፤ ከአፒያ እስከ ኦክላንድ ካለው ባሕር የሆነ ቦታ ላይ «የትንሿ አዳራሽ» የሚለው ሰጠመና «ኃላፊ» የሚለው ብቻውን ዋኝቶ ደረሰ። ማኬሪታ ማልቀስ ጀመረች። የምታለቅስን ሴት አስቁሞ አንዲት ቃል ማረም ነውር መሰለው። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነሥታ ወንድሜ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ሆነ ብላ ምስጋና አቀረበች፤ ወሬው ገጠር ላሉት ዘመዶቻቸውም ደረሰ። ከዚያ በኋላ በየወሩ ስትደውል «ሆቴሉ እንዴት ነው?» ትለዋለች፤ «ደህና ነው፣ ሰው አለ» ይላታል። ሰው ነበር። እውነቱን ነው። ኃላፊነቱ ራሱ ሲመረመር በሥሩ የነበሩት አርባ ወንበሮች፣ ስድስት ጠረጴዛዎችና አንድ ማይክሮፎን ናቸው፤ ማይክሮፎኑም አይታዘዝለትም። በደሴቱ ወግ ደግሞ እህት ለወንድሟ ቃል ኪዳኑ ናት። ፓስተሩን የዋሸ ንስሐ ይገባል፤ እህቱን የዋሸ ግን መግቢያ የለውም ይባላል።

ነገሩን ያከፋው የአለቅነቱ ጉዳይ ነበር። የቤተ ዘመዱ አለቃ ከሦስት ወር በፊት አርፈዋል፤ የማዕረግ ስማቸውን የሚወርስ ሰው መመረጥ አለበት። ሁሉም ሰው የሚያስበው የአጎቱን ልጅ ፋሌኒኮን ነው፤ ፋሌኒኮ አራት ታክሲ አለው፣ ለቅሶ ሲሆን ዘመዱን ሁሉ በነፃ ያመላልሳል። ማኬሪታ ግን ባለፈው ወር በስልክ «ሰው ማስተዳደር የሚያውቅ ነው የሚያስፈልገን» ብላ ነበር፤ ሎሌሲዮ ማንን ማለቷ እንደሆነ ሳይገባው «እውነትሽን ነው» አላት። ስብሰባው ቅዳሜ ገጠር፣ በቤተሰቡ ቤት፣ ምንጣፍ ላይ እንዲሆን ነበር የተቀጠረው። እሷ ለካ ከአንዱ ዘመድ ወደ ሌላው ደውላ፣ ቀኑንም ቦታውንም ቀይራ፣ ወንድሟን በገዛ ሆቴሉ ልታሾመው ተነሥታለች።

ወጥ ቤት ገባና ለኦፔታ ነገረው። ኦፔታ ዋናው ወጥ ሠሪ ነው፤ ለምሳው ጥሬ ዓሣ እየከተፈ ነበር፣ ቢላውን አላቆመም።

«እና ሥራ አስኪያጅ ነኝ ብለሃታል።»

«አላልኩም። እሷ ስትል ዝም አልኩ።»

«ስንት ዓመት?»

«ስድስት።»

«ስድስት ዓመት ዝም ያልክ ሰው አንድ ቀን ቢጨምር ምን ይሆናል?» ኦፔታ ዓሣው ላይ ሎሚ ጨመቀበት። «አስኪያጅነቱ ካልቀረ ግን የእኔን የእረፍት ፈቃድ ፈርምልኝ። ቫይኦላ ጠረጴዛ ላይ ወር ሞልቶታል።»

ከዚያ ቫይኦላ ዘንድ ሄደ። ቫይኦላ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቀልድ ባታበዛም ክፉ ሴት አይደለችም፣ ሠራተኛውን ሁሉ በስሙ ታውቃለች። አሞኛል አላት። ምንህን ስትለው ያላሰበበት ጥያቄ ሆነበትና «ሆዴንም፣ ራሴንም» አለ። እሷ ከወረቀቷ ቀና አለች። «ጋሽ ሎሌሲዮ፣ ከመርከቡ አርባ ቱሪስት ለምሳ ይመጣል። ትንሿ አዳራሽ ተይዛለች። ሁለት አስተናጋጅ ቀርቶብኛል። ማታ ቢያምህ አይሻልም?» እውነቱን የሚናገርባት ደቂቃ ይህቺ ነበረች፤ ለማንም አታወራም፣ ምናልባትም መላ ትፈልግለት ነበር። አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን «ለስብሰባው ውሃው ጋዝ ያለው ይሁን የሌለው?» የሚል ነበር። የሌለው አለችው። አመስግኖ ወጣ። ከቢሮዋ ደጃፍ ቆሞ ለራሱ፣ ጎበዝ ሎሌሲዮ፣ ቢያንስ የውሃውን ነገር አጣርተሃል አለው።

ወንበሮቹን በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ደረደረ። ከጫፉ ላይ ለሽማግሌው አጎት ለፓኡሎ ባለ መደገፊያውን አስቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ቀይ የዝንጅብል አበባ አኖረ፤ ለራሱ ሹመት አበባ መምረጥ ምን ያህል ያሳፍራል እያለ፣ ያም ሆኖ የተሻለውን መረጠ። የጎደሉትን ስድስት ወንበሮች ቆልሎ ተሸክሞ በእንግዳ መቀበያው በኩል ሲያልፍ ነው የማኬሪታን ድምፅ የሰማው። ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር። እሷ ለሁሉም ነገር ቀድማ ነው የምትደርሰው።

«ሥራ አስኪያጁን ጥሪልኝ የኔ ልጅ። እህትህ መጣች በይው።»

ፉአቲኖ አፏን ከፈተች። ከሴትዮዋ ትከሻ በላይ አሻግራ ስታይ፣ ኮሪደሩ መሀል ሁለት እግርና መላጣ ያለው የወንበር ቁልል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወንበሩን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፤ ያው ሰፊ አፍንጫ፣ ያው የፊት ጥርስ ክፍተት። ልጅቱ ፊቷ ሲለዋወጥ ሎሌሲዮ በወንበሮቹ እግር መካከል አየ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለች ረጋ ብላ። «ትንሽ ይቀመጡ፣ የኮኮናት ውሃ ላምጣልዎት።» ውሸት አልነበረም። ስብሰባው ላይ ነበር፤ ወንበሩን ተሸክሞ።

ሎሌሲዮ ወደ አንሶላ ማከማቻው ሲሸሽ ፉአቲኖ ተከትላው ገባች። «ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም? ጠዋት እኮ ሳቅሁብህ» አለችው። «እኔም ስቄያለሁ» አላት። አንድ እንግዳ ረስቶት የሄደውን ባለ አበባ ሸሚዝ ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው፤ ሎሌሲዮ ለድንገተኛ ለቅሶ ብሎ ቁም ሣጥኑ ውስጥ የሚያስቀምጠውን ጥቁር ባለ ኪስ ሽርጥ፣ የአገሩን ወንድ የክብር ልብስ፣ ታጠቀ። መስታወት ውስጥ ራሱን ሲያይ ሥራ አስኪያጅ አልመሰለም፤ የሥራ አስኪያጅን ሸሚዝ የሰረቀ ሰው መሰለ። ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ይዞት መቆየት እንደሚችል ገመተ።

ማኬሪታ ከስታለች፣ ፀጉሯ ሸብቷል። አንገቱ ሥር ገብታ ለረጅም ጊዜ አቀፈችው፤ ከአውሮፕላን የመጣ የደረቅ ዳቦ ሽታና የልጅነታቸው የኮኮናት ቅባት ሽታ አንድ ላይ ሸተተው። ተቀመጡ። እሷ ወለሉን፣ ጣሪያውን፣ ከመስኮቱ ባሻገር ያለውን ባሕር ሁሉ የእሱ ይመስል በየተራ አየችው። ስንት ሰው በሥርህ አለ ስትለው «ቁጥራቸው ይለዋወጣል» አለ፤ ወንበሮቹ ዛሬ አሥራ ሁለት ናቸው፣ ለሠርግ አርባ ይሆናሉ። ወዲያው አንድ ቆዳውን ፀሐይ ያቃጠለው ቱሪስት መጥቶ ፎጣ ጠየቀው። ሎሌሲዮ ጣቱን ወደ አየር አንሥቶ «አሁኑኑ ይላክልዎታል» አለ። የሚልከው ሰው ስላልነበረ ይቅርታ ጠይቆ ተነሣና ራሱ አመጣለት። ማኬሪታ በአድናቆት አየችው። «ራስህ ታመጣለህ?» «በምሳሌ ነው የማስተምራቸው» አለ። ይህን ያለ አፍ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ብሎ ሊያይ ምንም አልቀረውም። እሷ እጁን ያዘችና «እናታችን ይህን ብታይ» አለች። ሎሌሲዮ ሆዱን ለቀቀው፤ መያዝ አቃተው።

ዘመዶቹ በፋሌኒኮ ታክሲዎች አርፍደው መጡ። አራት ሰዓት ላይ ስብሰባው በጸሎት ተከፈተ። ማኬሪታ ቆማ ተናገረች፤ አልጮኸችም፣ አላጋነነችም፣ ችግሩም እሱ ነበር፣ እያንዳንዱን ቃል አምናበት ነው የምትናገረው። «ይህ ሰው የስንቱን አገር እንግዳ ተቀብሎ፣ አሳድሮ፣ አብልቶ ይሸኛል። እኛ አሥራ ሁለት ሰዎች እንከብደዋለን?» ሎሌሲዮ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ የአጎት ፓኡሎ ወንበር ሲነቃነቅ ጆሮው ያዘ። ያቺ ባለ መደገፊያ አንድ እግሯ አጭር ነው፤ ካርቶን ሊያስገባባት ነበር፣ በድንጋጤው ረስቶታል። እጁ ከልቡ ቀደመ። ተነሥቶ፣ ተንበርክኮ፣ የናፕኪን ወረቀት አራት አጥፎ ከእግሯ ሥር ሸጎጠ። «አያችሁ?» አሉ ሽማግሌው፣ ከተደላደለው ወንበራቸው ላይ። «እንዲህ ትልቅ ሰው ሆኖ ይንበረከካል።» ዘመዶቹ እውነት ነው እውነት ነው ተባባሉ። ትንሽ ቆይቶ የአክስቱ ብርጭቆ ጎደለ፤ ሳያስበው ቀዳላት።

«ሥራ አስኪያጅ ውሃ ይቀዳል እንዴ?» አለ ፋሌኒኮ።

«ትሕትና ይባላል» አለች ማኬሪታ። «ታክሲ ላይ አይጫንም፣ ለዚህ ነው የማታውቀው።»

ሁሉም ሳቁ፤ ፋሌኒኮም ሳቀ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲንበረከክና ሲቀዳ ማንም ትሕትና ብሎት አያውቅም ነበር፤ ሥራ ነው የሚባለው። ሸሚዙን ሲቀይር የሥራውም ስም ተቀየረ። ከሁሉ የከፋው ግን እሱ ራሱ ማመን መጀመሩ ነው። አክስቱ ስለ ደግነቱ ስትናገር፣ እውነትም ደግ ነኝ እኮ አለ በልቡ። የማዕረግ ስሙን ከራሱ ስም ፊት አስቀምጦ በዝምታ ደጋገመው፤ ያምራል። በሹመቱ በዓል ቀን እንደ ልብስ ወገቡ ላይ የሚታጠቀውን የክብር ምንጣፍ፣ ሚስቱ ታይማኔ ከጎኑ ስትቆም የምታሳየውን ፊት ሁሉ አየ። ይሄኔ ታይማኔ ቤት ሆና ለቅዳሜው እንግዳ መጋረጃ እያጠበች ነው፤ ባሏ ሊሾም እንደሆነ አታውቅም።

ሰባት ሰዓት ላይ ወደ በረንዳው ወጡ። ሎሚና የኮኮናት ወተት የጠጣው ጥሬ ዓሣ፣ በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለው የኮኮናት ክሬም፣ ዶሮው፣ የተቀቀለው ጎደሬ ሁሉ ተደርድሯል። ማኬሪታ ወንድሟን ከጠረጴዛው ራስ አስቀመጠችው። ሠራተኛ በዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አይበላም፤ ያን ደንብ ለአዳዲሶቹ የሚያነብላቸው እሱ ነው። ከወዲያ በኩል አርባዎቹ ቱሪስቶች እየተቀመጡ ነበር፤ አንድ አስተናጋጅ ብቻውን ይራወጣል። ሎሌሲዮ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሊጎርስ ሲል ቫይኦላ ወደ ጠረጴዛቸው መጣች፣ እንግዶቿን ሰላም ለማለት፣ እንደ ሁልጊዜዋ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ቫይኦላ እባላለሁ፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ምግቡ ተስማማችሁ?»

የቫይኦላ ዓይን በአበባው ሸሚዝ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ሹካው ላይ፣ ከዚያ ከጎኑ የተቀመጠችው ሴትዮ ላይ። ሞኝ አይደለችም። «ጋሽ ሎሌሲዮ ደግሞ…» ብላ ጀመረችና ዓረፍተ ነገሩን ክፍት አድርጋ ተወችለት። ገመድ ነበር የጣለችለት፤ የሆነ ነገር ብሎ መውጣት ይችል ነበር፣ የበላይ ሥራ አስኪያጅ፣ የዳይሬክተሮች አማካሪ፣ ብቻ የሆነ ነገር። ነገር ግን ማኬሪታ እያየችው ነበር። የቁጣ አልነበረም አስተያየቷ። ልጆች ሳሉ የሆነ ዕቃ ሰብሮ ሲመጣ፣ ራሱ ይናገር እንደሆነ የምትጠብቅበት አስተያየት ነው። ሹካውን አስቀምጦ ተነሣ።

«ሥራ አስኪያጇ እሷ ናት» አለ። «እኔ ወንበር ነው የምደረድረው። ጠዋት የተቀመጣችሁባቸውንም የደረደርኩት እኔ ነኝ።»

«ያንን የሚነቃነቀውንም?» አሉ አጎት ፓኡሎ።

«እሱንም፣ አጎቴ።»

ፋሌኒኮን ዓሣው ትን አለው፤ ሚስቱ ጀርባውን መታችው፣ ከሚያስፈልገው በላይ ጠንከር አድርጋ። ማኬሪታ ሳህኗን ትመለከት ነበር። አጎት ፓኡሎ «የሥልጣን መንገዱ አገልግሎት ነው ይሉ ነበር አባቶቻችን» አሉ። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ረዘም ላለ ጊዜ። ቫይኦላ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ የመርከቡ ሰዎች ተቀምጠዋል» አለችው። ትእዛዝ አልነበረም፤ መውጫ በር ነበር። ሎሌሲዮ ሸሚዙን ለመቀየር እንኳ ጊዜ አላገኘም፤ እንደዚያው ሆኖ ሦስት ሳህን በአንድ እጁ ይዞ ወደ ቱሪስቶቹ ሄደ። በሸሚዙ የተነሣ የሆቴሉ ባለቤት መሰላቸው። አንዱ ሽማግሌ ስለ ውብ ሆቴልህ እናመሰግናለን ብሎ እጁን ጨበጠው። ባለቤቱ አይደለሁም አለው። ሽማግሌው አልሰማውም፤ ሎሌሲዮ ጠጋ ብሎ በጆሮው ደገመለት። ሰውየው ግን ሾርባ አለ ወይ ብሎ ጠየቀው።

የዘመዶቹን ሳህን ሊያነሣ ሲመለስ ነገሩ አልቆ ነበር። ምሳሌውን ካከበሩ በኋላ የማዕረግ ስሙን ለአራቱ ታክሲዎች ሰጥተዋል። ፋሌኒኮ ቆሞ ትከሻውን አቀፈው፤ ማላገጥ አልነበረበትም፣ ያ ደግሞ የባሰ ነው። አጎት ፓኡሎ ክንዱን ይዘው አጽናኑት። «አንተም አትቀርም። ለበዓሉ ወንበሩን አንተ ታመጣልናለህ።» እሺ አለ። በልቡ ከየትኞቹ ወንበሮች እንደሚያመጣ ማሰብ መጀመሩን ሲያውቅ ራሱን ታዘበው። የማኬሪታ ወንበር ባዶ ነበር፤ ምግቧን ሳትነካ ሄዳለች።

ወደ ክፍሏ አልወጣም። ምን ብሎ ያንኳኳል? የክፍል አገልግሎት ነኝ ይላል? አሥር ሰዓት ሲሆን ትንሿ አዳራሽ ገብቶ ወንበሮቹን መቆለል ጀመረ። ሁለተኛውን ቁልል ሲጨርስ በሩ ተከፈተ። ማኬሪታ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች፤ እግሯ አብጧል። በሩን ዘጋችው።

«ስድስት ዓመት» አለች።

«ስድስት ዓመት ከሁለት ወር።»

«በሰው ፊት ቆሜ አመስግኛለሁ። ለልጆቼ፣ አጎታችሁን እዩ፣ ከምንም ተነሥቶ እያልኩ ነው ያሳደግኋቸው።» ጫማዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ወንበር መደርደርህ አይደለም። እኔ ምንድነው የምሠራው? የሰው አሮጊት ገላ አጥባለሁ። መቼ ደበቅሁህ?»

«አልደበቅሽኝም።»

«እኔ አፍርብሃለሁ ብለህ ነው?»

«ስላለቀስሽ ነው» አለ ሎሌሲዮ። «በስልክ። በደስታ ስታለቅሺ ሰምቼ አላውቅም ነበር። መልሼ ልወስድብሽ አልቻልኩም።»

እሷ ይህን ሰምታ ወደ መስኮቱ ዞረች። የወደቡን ግንብ ተከትሎ የተማሪዎች አውቶቡስ እየዘፈነ አለፈ። ፊቷን ሳትመልስ «እናታችን የሞተች ዕለት ደውለህ የነገርከኝስ?» አለች። «እሱም እንደዚህ ነው?»

ይህን አልጠበቀም። ከአራት ዓመት በፊት ነው። ማኬሪታን አሠሪዎቿ አንለቅሽም ብለዋት ለቀብር እንኳ አልደረሰችም። በስልክ የነገራት፣ እናታቸው እጆቿን አንሥታ ስምሽን ሦስት ጊዜ ጠርታ፣ አንቺንም ልጆችሽንም መርቃ፣ እንደ ሕፃን ተኛች የሚል ነበር። ያኔም አልቅሳ ነበር፤ ያኛው ለቅሶ ግን የደስታ አልነበረም፣ የሚያስታግሳት ነገር ፈልጎ ነው እንዲያ ያላት። አሁን ከጀርባዋ ቆሞ ሲያስበው ምርቃቱ ከፓስተሩ ስብከት የተወሰደ ይመስላል። በእጁ የያዘውን ወንበር መሬት አስነክቶ ተቀመጠበት።

«አልመረቀችሽም» አለ።

«ምን አለች?»

«የቆርቆሮ ሥጋ አማረኝ አለች። ሱቅ ሄጄ ገዛሁ። ስትቀምሰው ርካሹን ነው የገዛኸው አለችኝ። ጨው ብቻ ነው አለች። አባትህም እንዲህ ነበር፣ ርካሽ ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል አለች።»

«ከዚያስ?»

«ጨርሳ በላችው። ቆርቆሮውን በተቀቀለ የዳቦ ፍሬ ቁራጭ ጠረገችው። ከዚያ ትንሽ ልተኛ አለች። በዚያው ነው።»

ማኬሪታ ከመስኮቱ ተመልሳ ከፊቱ ቆመች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «ስለ እኔስ?»

እዚህ ላይ ሎሌሲዮ ትንሽ ማጣፈጥ ቃጣው። አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ ማን ያጣራዋል? ምላሱ ላይ የደረሰውን መልሶ ዋጠው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከዋጠው ሁሉ የሚከብደው እሱ ነበር።

«በዚያን ቀን ስላንቺ ምንም አላለችም» አለ። «ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ግን፣ ያቺ ልጅ አሰፍታ የላከችልኝ ቀሚስ ብብቴ ላይ ይጠበኛል እያለች ስታማርር ነበር። ታይማኔ ሌላ ላልብስሽ ስትላት ተቆጣቻት። ሁለቱን ቀን እንዳማረረች ሳታወልቀው ነው የሞተችው።»

ማኬሪታ ጎኑ ካለው ቁልል ላይ አንድ ወንበር ለማውረድ ሞከረች፤ አልወርድ ሲላት እሱ አወረደላት፣ ተቀመጠች። «ያ ምርቃት» አለች። «አራት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት እያነሣሁት፣ ይቺ የማን እናት ናት እል ነበር።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቀና እስክትል ድረስ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ሎሌሲዮ መለየት አልቻለም።

«አይጠብም ነበር» አለች፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች። «በልኳ ነው ያሰፋሁት። እሷ ናት የወፈረችው።»